ባሕር ከተማን የሚበላው ለምንድን ነው? ከደቻቱ አሸዋ ላይ ሆነን ስናየው

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር፣ አንድ ወዳጄ ቤት ተቀምጠን ነበር። ሙቀቱ እንደ ልማዱ ነው። ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ ጨዋታው ደርቷል። አንዱ ስልኩን አወጣና ቪዲዮ አሳየን። ባሕር ዳር የቆመ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነው። ከሥሩ ያለው መሬት ተበልቶ አልቋል። አንድ ሞገድ መጣ። ሌላ ተከተለ። ቤቱ ዘመም አለና ከነበረንዳው ውሃ ውስጥ ገባ።

«አቦ፣ ባሕሩ ተቆጣ!» አለ ባለ ስልኩ።

ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡን ጡረታ የወጡ የሽመንደፈር ሰው ናቸው። ጉልበታቸውን የጨረሱት ከድሬዳዋ ጅቡቲ በተዘረጋው 311 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ላይ ሲመላለሱ ነው። ቪዲዮውን ሁለቴ አስደገሙና «ልጄ፣ ባሕር ምን ያስቆጣዋል?» አሉ። «ከቤቱ ፊት የነበረው አሸዋ የት ሄደ? እሱን ጠይቅ።»

ጨዋታው ወደ ሌላ ዞረ። ጥያቄያቸው ግን እኔን ይዞኝ ቀረ። ለካስ ስለ ባሕር ዳር ከተሞች መሸርሸር የሚጻፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህች ጥያቄ ላይ ነው የሚያርፈው። አሸዋው የት ሄደ?

ወደብ የሌለው አገር ሰው ስለ ባሕር ዳርቻ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ቆዩኝ። ድሬ ያደገ ሰው ይሄን ነገር ከብዙ የባሕር ዳር ነዋሪ በተሻለ ይረዳዋል ብዬ ነው የማምነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመተ ምሕረቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አሸዋ መንገደኛ ነው

ደቻቱ ከተማችንን ለሁለት ይከፍላታል። ወዲህ ከዚራ፣ ወዲያ መጋላ። ወንዝ እንለዋለን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለውም። ያለው አሸዋ ነው። ልጆች ሆነን ኳስ የተጫወትንበት፣ ፀሐይ ሲበርድ አቋርጠን ገበያ የምንሄድበት፣ አካፋ የያዙ ወጣቶች አይሱዙ የሚጭኑበት አሸዋ።

እነዚያን ወጣቶች ጠይቋቸው። ዛሬ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍረው ይሄዳሉ። ማታ ደንገጎ ተራራ ላይ ይዘንባል። ደቻቱ እየጮኸ ይወርዳል። ውሃው ካለፈ በኋላ ጉድጓዱ የለም። አዲስ አሸዋ ተኝቶበታል። አሸዋው የደቻቱ ነዋሪ አይደለም ማለት ነው። መንገደኛ ነው። ከተራራ ተነስቶ ወደ ቆላ ሲጓዝ መሃል ላይ ለጊዜው አርፏል።

የባሕር ዳርቻም እንዲሁ ነው። ፎቶ ላይ ስናየው ቋሚ ቦታ ይመስለናል። ግን አሸዋ ሲያልፍ የምናይበት መንገድ እንጂ ቋሚ ቦታ አይደለም። አሸዋው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከተራራ ነው። ወንዝ እየፈጨ፣ እያጠበ ወደ ባሕር ያወርደዋል። የተወሰነው ባሕሩ ራሱ ከሚሸረሽረው ገደል ይገኛል። ሌላው ደግሞ ከተሰባበረ ዛጎልና ኮራል ነው።

ባሕር ከደረሰ በኋላም አሸዋው አያርፍም። ሞገድ ብዙ ጊዜ ወደ ዳርቻው ቀጥ ብሎ አይመጣም፤ ሰያፍ ነው የሚመጣው። አሸዋውን በሰያፍ ወደ ላይ ይገፋዋል። ውሃው ሲመለስ ግን ቁልቁለቱን ይዞ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አንዷ የአሸዋ ቅንጣት እንደዚህ ስትወጣና ስትወርድ እያንዳንዱ ሞገድ ትንሽ ወደ ጎን ያስኬዳታል። ሰካራም መንገድ ሲሄድ አስቡት። ይሄ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ሥራ ነው። በአንዳንድ የዓለም ዳርቻዎች በዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሜትር ኪዩብ አሸዋ በዚህ መንገድ ያልፋል። ለዓይን የማይታይ ወንዝ በሉት። ከደቻቱ የሚለየው ክረምትና በጋ አለመምረጡ ነው።

ስለዚህ አንድ ዳርቻ ሰፊ ሆኖ የሚቆየው የሚመጣለትና የሚሄድበት አሸዋ ሲመጣጠን ብቻ ነው። የቤት ወጪና ደመወዝ ማለት ነው። ደመወዙ ከተቋረጠ ወጪው አይቆምም። ሞገዱ ወደሚቀጥለው መንደር የሚወስደውን መውሰዱን ይቀጥላል። ጎደለ ማለት ያኔ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጤነኛ ዳርቻም ይጠባል፣ ይሰፋል። ማዕበል ሲበረታ አሸዋው ትንሽ ራቅ ብሎ ውሃ ውስጥ ይከመራል። ባሕሩ ሲረጋጋ ደግሞ ቀስ እያለ ይመለሳል። ከአንድ ማዕበል በኋላ ዳርቻው ጠበበ ብሎ መጮህ ልክ አይደለም። ጣጣው የሚመጣው ይሄ የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ችካል ተተክሎ፣ ካርታ ወጥቶ፣ ሆቴል ሲቆምበት ነው። አሸዋው ወደ ኋላ ሊያፈገፍግ ሲል ከኋላው ግድግዳ ያገኛል። ባሕሩ በፊትም የሚያደርገውን ነው ያደረገው። አዲስ የመጣው ግድግዳው ነው።

ከተማው ደመወዙን የሚያቋርጠው የት የት ነው?

መጀመሪያ ከላይ፣ ከወንዙ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ እኛንም ይነካል።

«አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ግንዱ ቀላሉ ነው። ዋናው ጭነቱ አፈር ነው። ከሰሜንና ከምዕራብ ደጋችን ታጥቦ በአባይና በተከዜ በኩል የሚወርደው አፈር ነበር የናይልን ደለል አብዛኛውን ክፍል የሚሸፍነው። የግብፅ ዴልታ የተሠራው በዚህ ነው። የአስዋን ትልቁ ግድብ ከመሠራቱ በፊት ናይል በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ይዞ ይወርድ ነበር። ግድቡ በ1964 ውሃ መያዝ ጀመረ፤ በ1970 ተጠናቀቀ። ከዚያ ወዲህ ሜዲትራኒያን የሚደርሰው ከምንም የሚቆጠር አይደለም። ደለሉ ናስር ሐይቅ ውስጥ ተኝቷል።

የዴልታው አፍ ላይ ያለችው የራሺድ ከተማ ደመወዟ ተቋረጠ። ወደ ባሕሩ ሾል ብሎ የወጣው መሬቷ በከፋባቸው ዓመታት በዓመት ከ100 ሜትር በላይ ይቆረጥ ነበር። በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ኪሎ ሜትሮች ሄዱ። ግድቡ ለከተሞች መብራት ሰጠ፣ ለእርሻ ውሃ ሰጠ። ሒሳቡን ግን ከመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ዳርቻ ከፈለ።

አሁን አንዳንድ ሰው «የህዳሴ ግድብስ?» ሊል ነው። የህዳሴ ግድብም ደለል ይይዛል፤ ሐቅ ነው። የትኛውም ግድብ ይይዛል። የራሺድ ዳርቻ ግን አፈሩን ያጣው ከእኛ ግድብ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀድሞ ነው። ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

ለነገሩ የእኛ የደቻቱ አሸዋ የማንንም ባሕር አይመግብም። ከድሬ በስተ ሰሜን ሽንሌ ሜዳ ላይ ተበትኖ ይቀራል። የአካባቢው ትልቅ ወንዝ አዋሽ እንኳን ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ከደንገጎ ማዶ፣ በሐረር በኩል የሚወርደው ደግሞ ወደ ዋቢ ሸበሌ ነው የሚሄደው። ዋቢ ሸበሌም ውቅያኖሱ አጠገብ ደርሶ ብዙውን ጊዜ ረግረግ ውስጥ ይጠፋል። የኛ ሰፈር ወንዞች ባሕር አይወዱም መሰለኝ።

ወደ ጉዳያችን። ግድብ ብቻ አይደለም አሸዋ የሚያስቀረው። አካፋም ያስቀራል። ኮንክሪት ሲባል ሲሚንቶ ብቻ ይመስለናል። ሲሚንቶው ማጣበቂያው ነው። አብዛኛው አካሉ አሸዋና ጠጠር ነው። ሲሚንቶ በአገራችን መጀመሪያ የተመረተው በፈረንጆቹ በ1930ዎቹ በተቋቋመው የድሬ ፋብሪካ ስለሆነ ይሄን ማወቅ የኛ ድርሻ ነው ብል አታጋንን አትበሉኝ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ባወጣው ግምት ዓለም በዓመት 50 ቢሊዮን ቶን አሸዋና ጠጠር ትጠቀማለች። ይሄ ሁሉ ከየት ይመጣል? ከወንዝ። አንዳንዴም በቀጥታ ከባሕር ዳርቻው።

በ2008 ጃማይካ ውስጥ አንድ ሙሉ የባሕር ዳርቻ ተሰርቋል። ቀልድ አይደለም። ሆቴል ሊሠራበት ከታሰበ ቦታ 500 የጭነት መኪና የሚሞላ ነጭ አሸዋ ተጭኖ ሄደ ተባለ። በእኛ ቋንቋ 500 ቢያጆ። ዝም ብዬ ሳስበው የሚገርመኝ ሌብነቱ አይደለም። 500 ቢያጆ ሲጫን ማንም አለማስቆሙ ነው!

በአብዛኛው ግን እንዲህ ያለ ድራማ የለም። ፈቃድ ተሰጥቶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቀስ በቀስ ነው። አንዱ ለልስን ይጭናል፣ ሌላው ለብሎኬት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው። ከተማ ሲያድግ አሸዋ የሚወጣው ከተማውን ከሚጠብቀው ዳርቻ ወይም ዳርቻውን ከሚመግበው ወንዝ ነው። ሰውየው ቤቱን የሚሠራው ከቤቱ አጥር እየነቀለ ነው እንደማለት።

ሎሜ ስታገኝ አኔሆ የምታጣው

ቀጥሎ ወደብ። የወደብ ነገር እንደ ደመወዝ መቋረጥ ሳይሆን ደመወዙን መንገድ ላይ ጠብቆ እንደመቀማት ነው።

ትልልቅ መርከብ ጸጥ ያለ ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ከመሬት ተነስቶ ወደ ባሕሩ የሚዘልቅ ረጅም የድንጋይ ግንብ ይሠራል። ሞገዱ እዚያ ላይ ይሰበራል። ጥሩ። ግን ያ የማይታየው የአሸዋ ወንዝ በዳርቻው ሲሄድ ነበር። ግንቡ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ከግንቡ ወዲህ ይከመራል። ከግንቡ ወዲያ ያለው ዳርቻ ባዶ እጁን ይቀራል። ሞገዱ ግን ለወዲያኛው አይራራም፤ ያለውን እያነሳ መሄዱን ይቀጥላል።

ቶጎን እንይ። ዋና ከተማዋ ሎሜ ዘመናዊ ወደብ በ1968 ከፈተች። እዚያ አካባቢ አሸዋው የሚሄደው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ከወደቡ በስተ ምዕራብ ዳርቻው ሰፋ፤ አዲስ መሬት ተገኘ። በስተ ምሥራቅ እስከ አኔሆ ከተማ ድረስ ያሉ መንደሮች ግን በዓመት በርካታ ሜትሮች ማጣት ጀመሩ። ቤት ሄደ፣ የኮኮናት ዛፍ ሄደ፣ መቃብር ሄደ። የባሕር ዳሩ አስፋልት ተቆርጦ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ እንደገና ተሠራ። የሎሜ ነዋሪ ሲዝናና የአኔሆ ዓሣ አጥማጅ ቤቱን እያፈረሰ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሁለቱም የአንድ ግንብ ጎረቤቶች ናቸው።

በዚያ ላይ ጎረቤቷ ጋና በ1965 አኮሶምቦ ግድብን ቮልታ ወንዝ ላይ ሠርታ ነበር። የቮልታ አሸዋም ቀረ። ስለዚህ ያ ዳርቻ ከላይም ከጎንም ተቆርጦበታል። እዚያው ጋና ውስጥ ኬታ የምትባል ከተማ አለች፤ ዴንማርኮች በ1784 የሠሩት ምሽግ በ1980 ግማሹ ወደ ባሕር ገብቷል። እውነቱን ለመናገር ኬታ ከግድቡ በፊትም ስትሸረሸር የኖረች ናት። ሁሉንም በሰው ላይ መለጠፍ አይቻልም። ሰው የሚያደርገው ቀስ ብሎ የሚሄደውን ነገር ማስሮጥ ነው።

ሌጎስም እንዲሁ ናት። ከመቶ ዓመት በፊት እንግሊዞች ለወደቡ መግቢያ የድንጋይ ክንዶች ሠሩላት። ባር ቢች የሚባለው ዝነኛው ዳርቻዋ ከዚያ ወዲህ በመቶዎች ሜትሮች ወደ ኋላ አፈግፍጓል። አሁን እዚያው ላይ አሸዋ ከባሕር ተመጥጦ፣ በትልቅ ግንብ ታጥሮ አዲስ የሀብታሞች ሰፈር ተሠርቷል። ከግንቡ በስተ ምሥራቅ ያሉት ድሆች ደግሞ በተራቸው «አሸዋችን የት ሄደ?» እያሉ ነው። ዱባይ ያለ ዘመድ ያላችሁም የዘንባባ ቅርጽ ያላትን ሰው ሠራሽ ደሴት አይታችኋል። እሷም የውሃውን መንገድ ስለቀየረች በአካባቢው ያሉ ዳርቻዎች በየጊዜው አሸዋ እየተጨመረላቸው ነው የሚኖሩት። ብር ካለ ይቻላል።

ግንቡ

ባሕሩ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚታሰበው ግንብ ነው። ከቤቱ ፊት በድንጋይ ወይም በኮንክሪት መከለል። ማንም ያስበዋል። እኔም ቤቴ ቢሆን የማስበው እሱን ነው።

ግን ልጅ ሆነን ደቻቱ ላይ ኳስ ስንጫወት የምናውቀው ነገር አለ። ኳስ አሸዋ ላይ ብትመታት ትሞታለች። ግድግዳ ላይ ብትመታት ተመልሳ ትመጣለች። ሞገድም እንደዚሁ ነው። ረጋ ያለ የአሸዋ ቁልቁለት ላይ ሲወጣ ጉልበቱ እዚያው ያልቃል። ቀጥ ያለ ግንብ ሲመታ ግን ጉልበቱን ይዞ ይመለሳል፤ ሲመለስም ከግንቡ እግር ሥር ያለውን አሸዋ ይጠርጋል። ግንቡ ፊት ያለው ዳርቻ እየቀጠነ፣ ውሃው እየጠለቀ፣ ሞገዱ እየበረታ ይሄዳል። ዓመታት ሲያልፉ ግንቡ አለ፤ ሰዎች ሊዝናኑበት የመጡት አሸዋ ግን የለም። ከዚያ የግንቡ መሠረት ራሱ ከሥሩ ይበላል። ድሬ ውስጥ የድንጋይና የሽቦ ጋቢዮን ከሥሩ ተቦርቡሮ ወደ ወንዙ ሲያዘነብል ያየ ሰው ይሄን ለማመን ባሕር ማየት አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ጣጣ የግንቡ ጫፍ ነው። ግንብ የሆነ ቦታ ያልቃል። ጉልበቱን ያልጨረሰው ውሃ ከጫፉ ያለውን ክፍት ቦታ ነው የሚይዘው። ራሺድ ላይ የሆነው እሱ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ትልቅ ግንብ ተሠራላት። ግንቡ ያለበት ቦታ መሸርሸሩ ቆመ። ከግንቡ በግራና በቀኝ ጀመረ።

ግንብ ነውር ነው እያልኩ አይደለም። ከኋላው ሆስፒታል፣ ሺህ ሕዝብ የሚኖርበት ሰፈር ካለ ምን ይደረጋል። ግንብ ውሃውን እንደማያጠፋው፣ ወደ ጎረቤት እንደሚልከው ግን ሠሪው አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ሐምሌ 1998 እና የሴኔጋሉ ቦይ

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ድሬ ላይ የሆነውን ለድሬ ሰው አልተርክም። ሌሊት ነበር። ደቻቱ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። ብዙዎቹ ወንዙ ዳር የሚኖሩ ነበሩ። ውሃ ባልነበረባቸው ወራት አሸዋው ዳር ቤት መሥራት፣ ገበያ መዘርጋት ምንም የማይመስል ነገር ነው። ቦታው ለገበያ ቅርብ ነው፤ ሌላ ቦታ ደግሞ አቅም ይጠይቃል። ከላይ ተራራው ተራቁቷል። ከታች ጣሪያና አስፋልት በዝቷል፤ ዝናቡን የሚጠጣ መሬት ቀንሷል። ውሃው ፈጥኖ፣ ብዙ ሆኖ፣ በአንዴ ይወርዳል።

ከዚያ በኋላ ነው ከወንዙ ግራና ቀኝ ግንቡ የተጠናከረው። መደረግ ነበረበት። እኔ ግን የሴኔጋልን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ ያቺን ሌሊት ሳስብ አብሮ ይመጣብኛል።

ሴንት ሉዊስ የቆየች ከተማ ናት፤ የሴኔጋል ወንዝ ባሕር የሚገባበት ላይ ነው ያለችው። ከተማዋንና ውቅያኖሱን የሚለየው ቀጭን ረጅም የአሸዋ ምላስ ነው። በጥቅምት 2003 ወንዙ ሞልቶ ከተማዋን ሊያጥለቀልቅ ደረሰ። በጥድፊያ አንድ ውሳኔ ተወሰነ። የአሸዋው ምላስ ላይ 4 ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ይቆፈር፤ ወንዙ በአቋራጭ ወደ ባሕር ይግባ።

ተቆፈረ። ሠራ! የከተማው ውሃ ወረደ። ሰው አረፈ።

ቦይዋ ግን በ4 ሜትር አልቆመችም። በቀናት ውስጥ በአሥሮች ሜትሮች ሰፋች። በወራት ውስጥ መቶዎች ሆነች። በዓመታት ውስጥ ኪሎ ሜትሮች። ውቅያኖሱ ያገኘውን በር አሰፋው። በወንዙና በባሕሩ መካከል ዱን ባባ ዲዬ የምትባል መንደር ነበረች፤ ዛሬ የለችም። እርሻ ጨው ገባበት። ዓሣ አጥማጆች አፉ ላይ ጀልባቸው እየተገለበጠ ሞቱ። ከከተማዋ የዓሣ አጥማጆች ሰፈርም ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ለባሕር ትቶ ወደ መጠለያ ገብቷል።

ያን ሌሊት ቦይዋን ያስቆፈሩትን ሰዎች መውቀስ ይቀላል። እኔ አልደፍርም። ውሃ ደጅህ ሲደርስ የምትወስደው ውሳኔ ሌላ ነው። ስህተቱ ከዚያ በፊት ነው። ወንዝ የሚሞላበት ሜዳ ላይ ከተማ ሲስፋፋ፣ ውሃው የሚተኛበት ቦታ ሲጠፋ፣ ያኔ ነው መፍትሔው ሁሉ መጥፎ የሆነው።

ሌሎቹ

ከተማ ዳርቻ የሚበላባቸው ሌሎች መንገዶችም አሉ፤ ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ከዳርቻው ጀርባ የሚከመሩት የአሸዋ ኮረብታዎች የባሕሩ ተቀማጭ ሒሳብ ናቸው፤ ማዕበል ሲመጣ ከእነሱ ይወጣል። ሆቴሎች «እይታ ይጋርዱብናል» ብለው ይደለድሏቸዋል። ማንግሮቭ የሚባለው ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ በሥሩ ጭቃውን ይይዛል፣ ሞገዱን ያደክማል። ጅቡቲ ኦቦክ በኩል ዛሬም አለ። ብዙ አገር ላይ ግን ለግንባታና ለዓሣ እርባታ ተመንጥሯል። ገደል አፋፍ ላይ ቪላ ሠርቶ ሣር የሚያጠጣ ሰው ደግሞ ገደሉን ከውስጥ እያራሰ ያላላዋል።

አንዱ ግን ትንሽ ይቆየን፤ የጉድጓድ ውሃ ነው። ድሬ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ምስክር ነው። እኛ ከባሕር ወለል 1200 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ስለምንኖር ምንም ብንቀዳ ባሕር አይመጣብንም። ጃካርታ ግን ባሕር ዳር ናት። ቧንቧ ያልደረሰው ሕዝብ፣ ፋብሪካውም፣ ሆቴሉም ከሥሩ ውሃ ቀዳ። ውሃው የወጣለት ለስላሳ መሬት ተጨመቀ። ከላይ ደግሞ የሕንፃው ክብደት አለ። የሰሜን ጃካርታ አንዳንድ ሰፈሮች በጥቂት አሥርተ ዓመታት 4 ሜትር ያህል ሰምጠዋል። ባሕሩ ሳይመጣባቸው እነሱ ወደ ባሕሩ ወረዱ ማለት ነው። ኢንዶኔዥያ በ2019 ዋና ከተማዬን ወደ ሌላ ደሴት አዛውራለሁ ስትል ይሄ አንዱ ምክንያት ነበር።

የአየር ንብረት ለውጥስ? አለበት እንጂ። የዓለም ባሕር ከ1900 ወዲህ በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል፤ ፍጥነቱም እየጨመረ ነው። ግን ከላይ ያሉትን ቁጥሮች አስተያዩ። 20 ሴንቲ ሜትር እና የጃካርታ 4 ሜትር። ባለሥልጣናት ሁሉንም ነገር በአየር ንብረት ሲያሳብቡ ትንሽ የምጠረጥረው ለዚህ ነው። የአየር ንብረት ተጠያቂው ሩቅ ነው። የወደቡ ግንብ ግን ያጸደቀው ሰው ፊርማ አለበት።

ምን ይደረጋል?

ደመወዙ ከተቋረጠ ወይ ደመወዙን መመለስ፣ ወይ ከሌላ ቦታ ብር ማምጣት፣ ወይ ወጪውን እያዩ ቤት መቀየር ነው። ሌላ የለም።

ከሌላ ማምጣት ማለት አሸዋ ከባሕሩ ጥልቅ ቦታ እየመጠጡ ዳርቻው ላይ መድፋት ነው። ሆላንዶች ጎበዞች ናቸው። በ2011 ዘ ሄግ አካባቢ 21.5 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ አሸዋ አንድ ቦታ ላይ ከመሩና «በል አንተ አከፋፍለው» ብለው ለሞገዱ ተዉለት። ሞገዱም በጎንና ጎን እያደለው ነው። አሠራሩን እወደዋለሁ፤ ከውሃው ጋር አይታገልም፣ ውሃውን ይቀጥረዋል። ግን ያልቃል፤ እንደገና መድፋት ይኖራል። ሀብታም አገር ነው የሚችለው።

ደመወዙን መመለስ የሚቻልበትም ጊዜ አለ። አሜሪካ ውስጥ ኤልዋ በሚባል ወንዝ ላይ የነበሩ ሁለት አሮጌ ግድቦች ከ2011 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ፈረሱ። ወደ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የተጠራቀመ ደለል ወረደ። ጠጠር ብቻ ቀርቶት የነበረው የወንዙ አፍ አዲስ የአሸዋ ዳርቻ አበቀለ። አስዋንን ያፍርስ የሚል የለም፤ ግን አሸዋው መንገድ ካገኘ እንደሚመለስ ታየ።

ሦስተኛው ርካሹ ነው፤ ግን ማንም አይወደውም። ራቅ ብሎ መሥራት። የሜዲትራኒያን አገሮች በ2008 የተስማሙበት ሰነድ ከባሕሩ ጠርዝ ቢያንስ 100 ሜትር ውስጥ ግንባታ እንዳይኖር ይላል። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ባሕር የሚታይበት መሬት ግን ከሁሉ ውድ ነው፤ መቶ ሜትሯ ሁልጊዜ «በልዩ ሁኔታ» እየተባለች ትሸራረፋለች። ከባሕሩ ይልቅ እሷ ነች ቶሎ የምትሸረሸረው።

ትናንት አመሻሽ ላይ ደቻቱን በእግሬ ላቋርጥ ወረድኩ። አንድ አይሱዙ ቆሟል። ሦስት ወጣቶች በአካፋ ይጭናሉ። አንዱን «የት ነው የሚሄደው?» አልኩት።

«እዚህችው ነው» አለኝ፣ በአካፋው ወደ ግንቡ ማዶ እያመለከተ። «እነዚያ ዳሩ ላይ ቤት እየሠሩ ነው።»